የሐርቡ ወይን እና አራቱ ችካሎች

ደሴ ላይ ቁጭ ብዬ ሐርቡ ያለ መሬት ምን ያህል ውሃ እንደጠጣ የማውቅበት ጊዜ ነበር። ስልኬን ስከፍት አራት ነጥቦች ይመጣሉ፤ አረንጓዴ ከሆኑ አፈሩ ረጥቧል፣ ቀይ ከሆኑ ተጠምቷል። ሰው የገዛ እናቱ ምሳ መብላቷን ሳይጠይቅ በሚውልበት ዘመን፣ እኔ የአንድ አዛውንት ገበሬ መሬት መጠማት አለመጠማቱን ምሳዬን እየበላሁ አይ ነበር። እንዲህ ያለ እውቀት መጀመሪያ ላይ ያኮራል።

የምሠራው ግብርናን በሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባሕር ማዶ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሁለት ነገር አብረን ልንሠራ ተስማማን፤ አንዱ ገበሬዎችን በመሣሪያ የታገዘ እርሻ ማሠልጠን፣ ሌላው በቆላው በኩል ወይን ተክሎ መመራመር። በእነሱ በኩል የመጣው ፕሮፌሰር ረጅም፣ ፀሐይ አንገቱን ያቀላው፣ ሲያስብ አፍንጫውን የሚያሻሽ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ እየተናደድኩ ስጽፍ እንዳልረሳው ነው። የእኔ ድርሻ እሱ ሲኖር ማስተርጎም፣ ሲሄድ ደግሞ መከታተል ነበር።

የመጀመሪያው ሥልጠና እዚሁ ደሴ በአንድ አዳራሽ ተደረገ። ከገራዶ፣ ከቦሩ ሜዳ፣ ከሐርቡ ገበሬዎች መጡ። የሐርቡዎቹ የደሴን ጭጋግ አልለመዱትምና እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ፕሮፌሰሩ የሥልጠናውን ስም በቋንቋው ተናገረና ወደ እኔ ዞረ። ብዙ ሳላስብ «በልክ ማረስ ማለት ነው» አልኩ፤ ውሃውም ማዳበሪያውም ለእያንዳንዱ ቁራጭ መሬት በሚያስፈልገው ልክ ብቻ። ከኋላ አንድ ሰው «እና እስከ ዛሬ ያለ ልክ ነው ስናርስ የኖርነው?» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ፕሮፌሰሩም ሳቀ። ምን እንዳሳቀን አላወቀም፣ ግን ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ለተግባር ትምህርት ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣን። ማሳ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ሊያሳያቸው አንዲት ትንሽ ድሮን ከሳጥን አወጣ። ድሮኗ ተነስታ ጥዝዝ ማለት ስትጀምር ገበሬዎቹ ተበተኑ። ገሚሱ ባሕር ዛፍ ሥር ገባ፣ ገሚሱ ቦይ ውስጥ ተኛ። እኔ ራሴ፣ ፎቶ ከማንሳት በቀር ሌላ ሥራ እንደሌላት እያወቅሁ፣ ሳላስበው መኪናው ሥር ተጠግቻለሁ። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ማንም አለመሳቁን ሲያይ ድሮኗን አውርዶ ሳጥኗ ውስጥ ከተተና «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «ምንም አላጠፋህም፤ ይሄን ድምፅ እኛ የምናውቀው በሌላ ነገር ነው» አልኩት። የቀረው ሥልጠና በፕሮጀክተር አለቀ።

አዛውንቱን ያወቅኋቸው በዚያ ሥልጠና ነው። ከሐርቡ ወረድ ብሎ ወንዝ ዳር አንድ ቁራጭ መሬት አላቸው፤ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የወይኑ ነገር ሲነሳ ሰዉ ሁሉ በሆዱ ይዞ ያፈረበትን ጥያቄ እጃቸውን አውጥተው የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

«ለኸምር ነው ወይስ ለመብል?»

ተረጎምኩለት። ፕሮፌሰሩ በአገሩ ዕድሜውን የጨረሰው ለመጠጥ በሚሆነው ወይን ላይ ነው፤ ይህንንም አልደበቀም። እዚህ የሚተከለው ግን የሚበላው ዓይነት ነው፣ ከተረፈም ደርቆ ዘቢብ ይሆናል አለ።

«ዘቢብማ ምን አለው፣ ለረመዳን ይሆናል» አሉ አዛውንቱ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በዝግታ፣ «እሱንም ቢሆን አላህ ይወፍቀው በይልኝ» አሉኝ። ልቡን ወደ ቀናው መንገድ ይምራው ማለታቸው ነው፤ ይህንን አልተረጎምኩም።

መሬታቸውን ለሙከራው ሰጡ። ማሽላ ይዘሩበት የነበረውን ሁሉ፣ ጫፍ እንኳ ሳያስቀሩ፣ ለወይኑ ለቀቁ። «ልጄ ፋብሪካ ለፋብሪካ የሚንከራተተው ይሄ መሬት ሁለት ሆድ ስለማይሞላ ነው። ይሄ ካፈራልኝ ይመለሳል» አሉኝ ችግኙ በተተከለ ቀን። ወይን ደግሞ ዛሬ ተክለውት ነገ አይለቅሙትም። እሳቸው ጠበቁ። ማሽላ ከገበያ እየገዙ፣ ጎረቤቶቻቸው «ሼኹ ሐረግ ይቀልባሉ» እያሉ ሲያላግጡባቸው አብረው እየሳቁ ጠበቁ። የጠብታ መስኖ ተዘረጋ፤ በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ወንዙ ዳር ተቀመጠ፤ ወይኑም ሽቦውን እየያዘ ወጣ። አንድ ቀን ልጃቸው ከኮምቦልቻ መጥቶ በመስመሮቹ መሀል ሲዘዋወር አይቻለሁ። አባቱ ከኋላው እየተከተሉ ቅጠሉን በእጃቸው ገለጥ እያደረጉ ያሳዩት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ፍሬ ይጠበቃል፤ ልጁም እሱን አይቶ ሊወስን ነው።

ፕሮፌሰሩ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል አራት መለኪያዎች አመጣ። ክንድ የማይሞሉ፣ አፈር ውስጥ የሚተከሉ፣ አናታቸው ላይ በፀሐይ የምትሠራ ትንሽ መብራት ያላቸው ናቸው። የአፈሩን እርጥበት ለክተው በስልክ ኔትወርክ ለእኛም ለእነሱም ይልካሉ። አዛውንቱ ገና ሲያዩዋቸው «ችካሎቹ» አሏቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ችካል አልናቸው። ፕሮፌሰሩ በሁለት እጁ ይዞ አቀረበላቸው። «እነዚህ ከሌሉ እኛ እዚያ ሆነን ዕውሮች ነን። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይ፤ ቀይ ከሆነ ችግር ገብቷል ማለት ነው» አለ። አዛውንቱ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት «ቆይ» አሉና ሁለት ጎረቤቶቻቸውን በስም ተጣሩ።

«እማኝ ሁኑኝ፤ የእንግዳ አማና ልቀበል ነው።»

ሰዎቹ ለአደራው ምስክር ሊሆኑ መጥተው ቆሙ። አዛውንቱ ቢስሚላህ ብለው አንድ በአንድ ተቀበሉ። እኛም አጨበጨብን፣ ፎቶ አነሳን። ያ ፎቶ ፕሮፌሰሩ ባለበት ዩኒቨርሲቲ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ኋላ ነግሮኛል።

አንድ ነገር ደግሞ በቢሮዎች መሀል ተስማምተን ነበር። ከአራቱ ሁለቱ ቀይ ሆነው ከሰነበቱ፣ ከኮምቦልቻ የውሃ ቦቴ ይላካል፤ ወጪውን እነሱ ይሸፍናሉ። ይህ ለገበሬዎቹ እንዳይነገር ተወሰነ። ቦቴ እንዳለ ካወቁ ሆን ብለው ችካሉን ያደርቁታል የሚል ፍርሃት ነበር። ሰው ደውሎ «ደርቋል» ቢል አይበቃም፤ መናገር ያለበት ችካሉ ነው። ስብሰባው ላይ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ጸጥታው ደፈረሰ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ የኖረበት ያውቀዋል። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በላስቲክ ጠርሙስ መንገድ ዳር ይታይ ጀመር፤ ቆይቶ እሱም ጠፋ። ኔትወርክ ሄዶ ሰነበተና አንድ ጠዋት ተመለሰ። ሰው ሁሉ ወደ ዘመዱ ሲደውል እኔ መጀመሪያ የከፈትኩት ያንን የወይን ነገር ነው።

አራቱም አረንጓዴ!

ቢሮ ውስጥ እልል ያልኩ ይመስለኛል። «ሰውየው ቤንዚን ከየት አመጡ?» እያልን ተደነቅን። አንዱ ባልደረባዬ «የወሎ ሼኽ ዱዓ አድርገው ፓምፑን በውሃ አስነስተውት ይሆናላ» ብሎ ቀለደ። ፕሮፌሰሩ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ፊቱ በርቶ መጣ። ማንም ሳይጎበኘው፣ መንገድ ተዘግቶ ያልተጠማ ማሳ መኖሩ ለእነሱ ትልቅ ግኝት ነው። ጽሑፍ ሊያዘጋጅበት ጀምሯል።

ሳምንታት አለፉ። በልጉም ቀረ። ደሴ ላይ የእኛ ቧንቧ እንኳ ደርቆ በጀሪካን እየተሻማን ነው፤ ሐርቡ ግን፣ ያ ምድጃ የመሰለ ቆላ፣ አራቱም ነጥብ አረንጓዴ። አንዱ እንኳ ለአንድ ቀን ቀይ አይል። ነገሩ አልዋጥልሽ አለኝ። አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ቦቴ እንላክ አልኩ።

«በምን ማስረጃ?» አለኝ።

«በልቤ።»

«ልብሽ ቀይ ነው ብዬ ለእነሱ ልጻፍላቸው?»

ስቆ አይደለም የተናገረው፤ እሱም ቸግሮታል። ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩለት። በትሕትና መለሰልኝ፤ ስሜቴን እንደሚረዳ፣ መለኪያዎቹ ግን እንደማይሳሳቱ። እውነቱን ነው፤ መለኪያዎቹ አልተሳሳቱም።

ስደውል ሰንብቼ፣ አንድ ጠዋት የአዛውንቱ ስልክ ጠራልኝ።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

«ወአለይኩሙ ሰላም! አልሀምዱሊላህ ልጄ። አብሽሪ፣ አማናችሁ ደህና ነው። አንዱም አልጠፋ፣ አንዱም አልተነካ።»

«ወይኑስ? ፓምፑ ይሠራል?»

«ፓምፑማ ምን ጠጥቶ ይሠራል ልጄ፣ ወላሂ…»

መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያቺ ሴትዮ ብቻ ነች የምታነሳው፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለው። በማግስቱ ቦርሳዬን ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ድረስ የሚወስድ ሚኒባስ አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ ግን የሚሄድ የለም። አንዱን ሾፌር ብለምነው፣ «እህቴ፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ።

የአዛውንቱን ልጅ ፋብሪካው በር ላይ ጠብቄ አገኘሁት። ፈረቃውን ጨርሶ ሲወጣ ጥጥ ፀጉሩ ላይ ቀርቶ ነበር። እሱም አባቱን ካየ ቆይቷል፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ከመንገድ ተመልሷል።

«ወይኑ እንዴት ሆነ?» አለኝ ከሰላምታው አስቀድሞ።

ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። አራቱን አረንጓዴ ነጥቦች በአውራ ጣቱ ነካካቸው። ፊቱ ተፈታ። «በቃ እንግዲህ፣ አረፍኩ» አለና ሻይ ካልጋበዝኩሽ ብሎ ያዘኝ። ጥርጣሬዬን ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን ተነግሮት ምን ያደርጋል? እኔ ያላለፍኩትን መንገድ እሱ አያልፈው። ሻዩን ጠጣሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ሁለታችንንም እያሳሳቀ ነበር የሚወስደን።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ስልኬን አየሁ፤ አረንጓዴ። ሐርቡ ስንደርስ አየሁ፤ አረንጓዴ። ማሳው ጫፍ ላይ ቆሜ ቀና አልኩ።

ወይኑ የለም። ሽቦው አለ፣ ምሰሶው አለ፤ ሐረጎቹ ግራጫ ሆነው ሽቦው ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱን ስነካው እጄ ላይ ተሰበረ፤ ሥሩ ጋ ምስጥ ይርመሰመሳል። በሌላው እጄ የያዝኩት ስልክ አሁንም አፈሩ እንደጠገበ ይነግረኛል። ድንጋይ ላይ ፈጥፍጬ ብሰብረው ደስ ባለኝ ነበር። አልሰበርኩትም፤ የመሥሪያ ቤት ስልክ ነው።

አዛውንቱ ከቤት ወጡ። ከስተዋል፤ ሸሚዛቸው ሰፍቷቸዋል። «መጣሽ! አልሀምዱሊላህ፣ እንኳን አላህ አመጣሽ!» ብለው ሁለት እጄን ያዙ። የወይኑን ነገር እንዴት እንደምጀምር ሳስብ እሳቸው እየጎተቱ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሮ፣ በፓፓያ ዛፍ ጥላ ጠርዝ ላይ አራቱ ችካሎች ጎን ለጎን ተተክለዋል። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ርሷል። አራቱም መብራቶች አረንጓዴ።

«ታጣቂው በማሳው ማለፍ ሲያበዛ፣ አንዱ ነቅሎ ቢወስድብኝ ለባለቤቱ ምን እላለሁ ብዬ አነሳኋቸው» አሉኝ። «ሰውየው መብራቱ አረንጓዴ ይሁን ብሎኛል። ቤንዚን ሲጠፋ በአህያ ከወንዝ እየቀዳሁ፣ መጀመሪያ ለነሱ፤ የተረፈውን ለወይኑ። ወንዙም ሸሸ፣ አህያዋም ደከመች። ለወይኑ የሚተርፈው ጉሮሮ የሚያረጥብ አልሆነም።»

«ለምን ወይኑን አላስቀደሙም አባባ?» ድምፄ ከፍ አለ። ሽማግሌ ላይ ጮህኩ።

አልተቆጡም። የጠየቅሁት ነገር ነው የገረማቸው።

«ወይኑማ የራሴ ነው። እነዚህ የሰው ሀቅ ናቸው። የራሴን አጠጥቼ የሰው ቢደርቅብኝ ቂያማ ለት ምን እመልሳለሁ?»

ችካሎቹን ከማሳው ባያነሷቸው ኖሮ ቀይ ይሆኑ እንደነበር፣ ቀይ ቢሆኑ ቦቴው ይመጣ እንደነበር አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። የሞተ ወይን በዚህ አይነሳም፤ የሚነሳው የሳቸው ፀፀት ብቻ ነው። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ያደርቁታል ብለን የፈራናቸው ሰው ናቸው እንግዲህ፤ ወገባቸው እስኪጎብጥ ያጠጡት። አጥሩ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። «ኧረ አብሽሪ፣ አንዱም አልተበላሸ አልኩሽ እኮ» እያሉ ያባብሉኝ ጀመር።

እዚያው ሆኜ ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። በጣም ማዘኑን፣ የጀመረውን ጽሑፍ እንደሚተወው ነገረኝ። አመንኩት። ፕሮጀክቱ ግን ተዘግቷል፤ የሚቀጥለው ዙር መንገድ ወደማይዘጋበት ወደ ሌላ አገር ሄዷል፤ ውሳኔው የእሱ አይደለም። ስለ ችካሎቹ ጠየቅሁት፤ መቼ፣ በማን ይመለሱ?

«እነሱን ተያቸው፤ ዓይነታቸው አርጅቷል፣ አሁን በእነሱ የሚሠራ የለም» አለ።

ስልኩን ዘግቼ ስዞር አዛውንቱ ችካሎቹን ነቅለዋል። በውሃ አጥበው በነጠላ ጨርቅ ወልውለዋቸዋል። እነዚያኑ ሁለት ጎረቤቶቻቸውንም ጠርተዋል። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ቢስሚላህ ብለው አንድ በአንድ አስረከቡኝ።

«ተቀብያለሁ በይ።»

«ተቀብያለሁ።»

«ሙሉ ነው በይ።»

«ሙሉ ነው።»

ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት። «አሁን ቀለለኝ» አሉ። ጎረቤቶቻቸው አላህ ይቀበልዎ ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ዘግይቶም ቢሆን ዝናብ ጣል አድርጎ ስለነበር ሰዉ ሁሉ ማሽላ ይዘራል።

እሳቸው ግን ማሳው ወዲያኛው ጫፍ ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። እዚያ በኩል የደረቀውን ወይን ነቅለው ጨርሰዋል። በቦታው ገመድ ወጥረው፣ ፕሮፌሰሩ ባሳያቸው ርቀት፣ አዲስ ጉድጓድ ቆፍረዋል፤ በመስመር፣ አንዱ ከአንዱ ሳይዛነፍ። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ።

«አባባ፣ ማሽላ ይዝሩበት። ዝናቡ እንዳያመልጥዎ» አልኳቸው።

«ማሽላ ከዘራሁበት ችግኙን የት ሊተክሉት ነው?»

«አይመለሱም። አሁን ነገረኝ። ሥራው አልቋል፣ ሌላ አገር ሄደዋል።»

ጥቂት አዩኝና ፈገግ አሉ፤ ያልበሰለ ሰው ሲናገር እንደሚሰሙ ዓይነት።

«ንብረቱ አንድ ሳይጎድል የተጠበቀለት ሰው እንዴት ይቀራል? ይሄንን ስትነግሪው ይመጣል። ኢንሻ አላህ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይመጣል።»

«ነግሬዋለሁ» አልኳቸው። «ሁሉንም ነግሬዋለሁ አባባ።»

«እንግዲያ መንገድ ላይ ነው» አሉና፣ ጎንበስ ብለው ከጉድጓዱ ድንጋይ ማውጣት ቀጠሉ። ችካሎቹን ታቅፌ ብዙ ቆምኩ። ከአጠገባቸው ጎረቤታቸው በሬውን እየነዳ ያርሳል፣ ከወዲያ ሌላው ይበትናል። ያን ዓመት በዚያ ሰፈር ሳይዘራ የቀረ መሬት የሳቸው ብቻ ነው።